የጨፋን ሣር መልሼ ሸጥኩላቸው

ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ መኖ ቤት አለችኝ። ከአባቴ የወረስኳት ናት። ፉርሽካ እሸጣለሁ፣ ፋጉሎ እሸጣለሁ፣ በበጋ ደግሞ ድርቆሽ። ደንበኞቼ ባብዛኛው በሬ የሚያደልቡ ወይም ጓሯቸው አንድ ሁለት የወተት ላም ያሰሩ የከተማችን ሰዎች ናቸው። ከየካቲት በኋላ ግን ዝናቡ ከዘገየ ከባቲ ወዲያ ካለው ቆላም ሰው ይመጣል።

ባለፈው በጋ የመጡት ሽማግሌ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። አፋር ናቸው። ልጅ ሆኜ አባቴ ሰኞ ሰኞ ባቲ ይዞኝ ሲወርድ ፍየል የሚገዛው ከሳቸው ነበር። ሁለቱ ዋጋ ሲከራከሩ እኔ የፍየሎቹን ጆሮ እየነካሁ እጫወት ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ ሱቄ ሲመጡ በሩ ላይ ቆመው ዱዓ ሳያደርጉ አይገቡም። ያን ቀንም አደረጉ። ከዚያ ገቡ፣ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ወደ ድርቆሹ ሄዱ።

ዋጋ አልጠየቁም። ከአንዱ እስር እፍኝ የሚሞላ ሣር መዘዙ። መዳፋቸው ላይ አሹት፣ አሸተቱት። አንድ ዘለላ ጥርሳቸው መሃል አድርገው ነከስ አደረጉና ተፉት። ከዚያ ከእፍኙ ውስጥ አንዲት ደረቅ አገዳ ለይተው በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሃል ያንከባልሏት ጀመር። ወደኔ ዘረጓት።

«ንኪያት» አሉኝ። «ክብ ናት?»

ነካኋት። ክብ አይደለችም። ሦስት ጎን አላት። ቄጠማ ናት። ለበዓልና ለቡና የምንጎዘጉዛት ቄጠማ፣ ደርቃ፣ ከሣሩ ጋር አብራ ታጭዳ የታሰረች። ስንት ዓመት ቤቴ ውስጥ ጎዝጉዣታለሁ፤ ሦስት ጎን እንዳላት አላውቅም ነበር።

«ይሄ የጨፋ ነው» አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ የጨፋ ነው። የእናቴ ወንድም እዚያ ያርሳል፣ ድርቆሹንም ያመጣልኝ እሱ ነው። አሥራ ሁለት እስር ገዙ። ብሩን ከወገባቸው ፈትተው፣ ሁለቴ ቆጥረው ሰጡኝ። ወደ ሚሌ የሚወርድ አይሱዙ ላይ ጫንንላቸው። ሊሳፈሩ ሲሉ ዞር አሉና፦ «ልጄ፣ ወደ ጨፋ የምንገባበት መንገድ ክፍት ነው ወይ? የሚያውቅ ሰው ጠይቂልኝ እስቲ።»

እሺ አልኳቸው። አይሱዙው ከሄደ በኋላ ብሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከብቶቻቸው ድሮ በነጻ ይግጡት የነበረውን ሣር ነው እንግዲህ የሸጥኩላቸው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነው።

ጨፋን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ፣ ሐርቡን አልፋችሁ ወደ ከሚሴ ስትቃረቡ፣ በመኪናው መስኮት ሜዳ ይከፈትላችኋል። ሌላው አገር ቡናማ ሆኖ እሱ አረንጓዴ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ወርዶ፣ በከተማችን መሃል አልፎ፣ እዚያ ሜዳው ላይ ይተኛል። ውሃው ይቋጠራል፤ ረግረግ ይሆናል። ስለዚህ ዙሪያው ሁሉ ሲደርቅ እዚያ ሣር አለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አልፌበታለሁ፤ ደስ የሚል ሜዳ ነው ብዬ ብቻ።

ለኛ ለደጋና ለወይና ደጋ ሰዎች ክፉው ጊዜ ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ጎተራው ይጎድላል፣ አዲሱ እህል አልደረሰም። ጎተራው ከኖረ ክረምቱ ይታለፋል፣ ከሌለ አይታለፍም። የቆላው ሰው የተገላቢጦሽ ነው። ክረምት ለሱ ጥጋብ ነው፤ አፋሮች ከርማ የሚሉት ዋናው ዝናብ ሲጥል ሜዳው ሁሉ ሣር ነው፣ ወተቱ ሞልቷል። ክፉው ጊዜ በጋ ነው። ታዲያ የሱ ጎተራ የት ነው? በጭቃ የተመረገ ጎተራ የለውም። ጎተራው ቆሞ የሚጠብቅ ሣር ነው፤ ጨፋ ነው፣ የአዋሽ ዳር ነው፣ ወንዝ የሚተኛበት ቦታ ሁሉ ነው።

እነዚህ ቦታዎች ትንንሽ ናቸው። ከጠቅላላው ቆላ አንጻር በካርታ ላይ ክር የሚያክሉ ናቸው። ግን ሰፊው ደረቅ አገር በሙሉ የሚኖረው በነሱ ነው። ዘጠኝ ወር የሚያገለግል አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ሜዳ ቢኖርህ፣ የቀረውን ሦስት ወር የምታሳልፍባት ትንሽ እርጥብ ቦታ ከሌለችህ ያ ሁሉ ሜዳ ምንም አይጠቅምህም፤ ከብቱ ከዚያ በፊት ያልቃል። ይህን ሐሳብ ያዙልኝ። ስለ ግጦሽ መሬት ከሚወራው ሁሉ ዋናው እሱ ይመስለኛል። ወሳኙ የመሬቱ ስፋት አይደለም፤ በክፉ ቀን የምትከፈተዋ በር ናት።

ይህ የኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2002 ድርቁ በጠና ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ጨፋ ደርሰው ነበር። ወደ 50 ሺህ የሚጠጉ አርብቶ አደሮች ከ200 ሺህ ያህል እንስሳት ጋር እዚያ መጠለላቸውን ጽፈዋል። አፋሩም፣ ኦሮሞውም፣ አርጎባውም። እስቲ አስቡት፤ በአንድ ረግረግ ሜዳ 200 ሺህ እንስሳ! ያ ሜዳ ባይኖር ኖሮ ያ ሁሉ ከብት የት ይገባ ነበር?

መልሱን ወሎ ያውቀዋል። ቦታው ሲወሰድ ምን እንደሚሆን ያየ አገር ነው። በ1950ዎቹ፣ በኛው አቆጣጠር፣ የአዋሽ ሸለቆ ለሰፋፊ እርሻ ተፈለገ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ ታች ተንዳሆ ላይ ደግሞ ሚቼል ኮትስ የሚባል የእንግሊዝ ኩባንያ ጥጥ መዝራት ጀመረ። የተመረጠው መሬት የቱ ነው? ወንዙ የሚተኛበት፣ ለሙ፣ እርጥቡ። የአፋር የበጋ ጎተራ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከአፋር መሬት የተወሰደው ጥቂት ነው፤ የቀረው ብዙ ነው። ግን የቀረው በበጋ የማይኖሩበት ነው።

ከዚያ የ1965 እና 1966ቱ ረሃብ መጣ። እኛ «የወሎ ረሃብ» ስንል ብዙ ጊዜ የምናስበው ገበሬውን ነው። አርብቶ አደሩ ግን ቀድሞና ከፍቶ ተመታ። የኢኮኖሚ ምሁሩ አማርትያ ሴን ያንን ረሃብ አጥንተው ያሳዩት ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል፤ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እህል ነበር። ሰው ግን የሚገዛበት አቅም አጣ። አርብቶ አደር በደህናው ጊዜም በወተት ብቻ አይኖርም፤ ፍየል ሸጦ እህል ይገዛል። ድርቅ ሲሆን ከብቱ ይሞታል፤ ያልሞተው ይከሳል፤ የከሳውን ሁሉም ባንድ ቀን ገበያ ያወጣዋል። ዋጋው ይወድቃል። ትናንት አንድ ፍየል የሚያመጣውን እህል ዛሬ ሦስት ፍየል አያመጣውም።

ይህንን በትንሹ በዓይኔ አይቻለሁ። በ2008ቱ ድርቅ ባቲ ነበርኩ። ገበያው በፍየል ተሞልቶ ገዢ የለም። አንዲት እናት ሦስት ፍየል በአንድ ገመድ አስራ ፀሐይ ላይ ቆማለች፤ ነጋዴው የአንዷን ወገብ ዳሰስ ያደርግና ምንም ሳይል ያልፋል። ሌላው ይመጣል፣ ይዳስሳል፣ ያልፋል። የፍየሏ ወገብ አጥንት ከቆዳዋ በላይ እንደ መጋዝ ወጥቷል። የባቲ ፍየል እኮ ናት! ቆዳዋ በቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ በስሟ የምትጠራ። እስከ ቀትር ቆማ ለማን በስንት እንደሸጠቻቸው አላየሁም። እኛ ወደ ኮምቦልቻ የሚመለሰው መኪና እንዳያመልጠን ተነሳን።

አዋሽ ዳር ላይ ከእርሻው በኋላ ሌላም መጣ። በደርግ ጊዜ በረሃውን ያለማል ተብሎ የገባ እሾሃም ዛፍ አለ፤ ፕሮሶፒስ ይባላል። አፋሮች «ደርጊ ሃራ» ይሉታል፣ የደርግ ዛፍ ማለት ነው። ፍሬው ይጣፍጣል። ፍየልና ከብት ይበሉትና ዘሩን በበጠጣቸውና በእበታቸው አገር ላገር ይዘሩታል። ከሥሩ ሣር አያስበቅልም፤ ጥሻው ሲገጥም እንስሳ ማለፊያ ያጣል። ፍሬውን ብቻ አብዝቶ የበላ ከብት ደግሞ ይታመማል። አፋር ክልል ውስጥ ብቻ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ እንደያዘ ተመራማሪዎች ለክተዋል። ይብስ የሚስፋፋውም የት ነው? ወንዝ ዳር። አሁንም እዚያችው እርጥብ ቦታ ላይ።

ወደኛም መለስ እንበል። ፓርቴኒየም የሚባለውን ነጭ አበባ አረም የኮምቦልቻና የደሴ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መንገድ ዳር ሞልቷል። በ1977ቱ ረሃብ ዘመን ከእርዳታ እህል ጋር ገባ ነው የሚባለው፤ መጀመሪያ ከታየባቸው አካባቢዎች አንዱም የኛው የደሴ አካባቢ ነው። ላም ከበላችው ወተቷ ይመራል። ልጅ ሆነን እናቴ ወተት ቀምሳ «ዛሬ ምን በልታ ነው?» ስትል ትዝ ይለኛል። ከዚያም የወፍ ቆሎው አለ፤ ቁጥቋጦው ኮረብታውን እየወረረ ነው። ስለ ግጦሽ መጥፋት ስናወራ የቆላውን ብቻ ማውራት ልክ አይደለም፤ የኛም እየሄደ ነው።

ትምህርት ቤት አንድ መምህራችን ስለ «ዘላን» ሲያስተምረን ሣርና ውሃ ፍለጋ ያለ ዓላማ የሚንከራተት ሕዝብ ብሎ አጻፈን። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ለፈተናም መለስኩት፣ አገኘሁ። እቤት ለአባቴ ሳነብለት ግን ፊቱን አጨማደደ። «ያለ ዓላማ?» አለ። «እነሱ እኮ ከመሄዳቸው በፊት ሣሩን ሰው ልከው ነው የሚያዩት።»

ኋላ ነው የገባኝ። አፋሮች ኤዶ የሚሉት አለ። ጎበዝ ሰው ተመርጦ ቀድሞ ይሄዳል፣ ሣሩን ያያል፣ ውሃውን ያያል፣ በሽታ አለ ወይ፣ ሰላም ነው ወይ ይላል፣ ተመልሶ ይናገራል። ከዚያ ነው መንጋው የሚነሳው። ዳጉ ደግሞ አለ። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ «እንዴት ነህ» ብለው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ የት ዘነበ፣ ማን ታመመ፣ ገበያው እንዴት ነው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ አንዱ ይናገራል፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። የሰማኸውን አዛብተህ መናገር ነውር ነው፤ ሰው የሚሄድበትን የሚወስነው በሱ ነውና። ለክፉ ቀን ከልክለው የሚያቆዩት ግጦሽም አላቸው፣ ዴሶ ይሉታል። ታዲያ ይሄ ነው መንከራተት?

የአማራ ገበሬም ቢሆን ይህን ነገር አያውቀውም አይባልም። መንዝ ጓሳ ሩቅ አይደለም። ቀሮ የሚሉት ሥርዓት 400 ዓመት ገደማ አስቆጥሯል፤ ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ማንም እንስሳ አያስገባም፣ ማንም አያጭድም፤ ድርቅ ሲሆን ወይም ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ተናግቶ ነበር፤ ሰዎቹ ግን በሌላ መልክ መልሰው አቋቋሙት፣ ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ሊያይ የውጭ ሰው ሁሉ ይመጣል። ጓሳን የጠበቁትን እናደንቃለን። ዴሶን የጠበቁትን ግን ዘላን እንላለን።

መንግሥትም ወረቀት ላይ ያለው ነገር መጥፎ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 ለአርብቶ አደሩ የግጦሽም የእርሻም መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት ሰጥቶታል። በግልጽ ተጽፏል። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ገበሬ ደብተር አለው፤ ማሳው ተለክቶ፣ በስሙ ተመዝግቦ። በዓመት ሦስት ወር ብቻ የሚመጣ ሰው፣ ከብዙ ሰው ጋር የሚጠቀምበት፣ ክረምት ባዶውን የሚተወው መሬት በማን ስም ይመዘገባል? በማንም። ስለዚህ ያየው ሁሉ «ባዶ ነው» ይላል። ጎተራ በክረምት ባዶ ቢሆን ሰው ቤት መሥሪያ አድርጎ ይወስደዋል እንዴ?

የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. 2026ን የግጦሽ መሬትና የአርብቶ አደሮች ዓመት ብሎታል፤ ሐሳቡን ያመጣችው ሞንጎሊያ ናት፣ ጠቅላላ ጉባኤው የወሰነው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከዓለም የብስ ከግማሽ በላዩ የግጦሽ መሬት ነው ይላሉ። ጥሩ ነው። እኔ ግን ስለ ዓለም ከማውራቴ በፊት አንድ የተጠየቅሁት ጥያቄ ነበረብኝ። መንገዱ ክፍት ነው ወይ?

ሁለት ሳምንት ቆይቼ፣ አንድ እሑድ፣ ሱቁን ለእህቴ ልጅ ትቼ ወደ አጎቴ ሄድኩ። ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ከመንገዱ ዳር ተቀበለኝ። ምሳ በላን፣ ቡና ጠጣን። ከዚያ ጉዳዬን ነገርኩት። ፊቱ ትንሽ ከበደ። «ነይ ላሳይሽ» አለ።

የድሮውን ነገረኝ፤ እየሄድን። ድሮ መኸሩ ሲሰበሰብ አፋሩ ይመጣል። ማሳው ላይ የቀረው የማሽላ አገዳ ለሱ ከብት ነው፤ እበቱ ደግሞ የገበሬው። ማዳበሪያ ግዢ የለም። ቅቤ ያመጣሉ፣ እህል ይወስዳሉ። ከብታቸው ሰብል ውስጥ ከገባ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ያልቃል። ጠብ አልነበረም አላለኝም። ነበረ። ግን ለጠቡም ሥርዓት ነበረው።

«ምን ተበላሸ ታዲያ፣ ጋሼ?» አልኩት።

በእጁ አሳየኝ። የውሃ መሳቢያ ሞተር እየጮኸ ነው። ከቦርከና ተስቦ የመጣ ውሃ በቦይ ይሄዳል። ማሽላው በተነሳበት ማሳ ላይ ሽንኩርት ቆሟል። «በጋም እናርሳለን» አለ። «አገዳው የሚበላበት ጊዜ የለም። ማሽላ ሲነሳ ሽንኩርት ይገባል። ከብት ሲመጣ ማሳው ሙሉ ነው።»

ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ጠቡ ሁሉ ከዘርና ከጥላቻ የሚመጣ ይመስለን ነበር። ለካ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ መስኖ ሲመጣ ማሳው በበጋም ተያዘ፣ የገበሬውና የአርብቶ አደሩ ወቅት ተጋጨ። አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም። ሦስት ወንድ ልጆች አሉት፣ የሚያካፍላቸው መሬት የለውም። ሽንኩርቱ አንዱን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶለታል። ለሱም መፍረድ አለብኝ።

መንገዱ ጋ ደረስን። መንገድ ማለት በሁለት ማሳዎች መሃል የሄደ፣ በሰኮና የተደበደበ፣ ጎድጎድ ያለ መሬት ነው። ግራና ቀኙ ላይ ሠርዶ በቅሏል። በእርምጃ ለካሁት። ሰፊው ላይ አሥራ አራት እርምጃ። ትንሽ ሄድኩ፣ አሥር። አጠገቡ የቆመ የጠየቅነው አንድ ሽማግሌ «ድሮ መንጋ ከመንጋ ተላልፎ ያልፍበት ነበር» አለን። ወደ ረግረጉ ስንቃረብ አንድ የእሾህ አጥር ወደ መንገዱ ገፋ ብሎ ገብቷል። እዚያ ለካሁ። ስድስት።

«ይሄ የማን ነው?» አልኩ።

አጎቴ ወዲያው አልመለሰም። ጎንበስ ብሎ ከአጥሩ የወደቀች አንዲት የግራር ቅርንጫፍ አነሳና መልሶ ሰካት። «የኔ ነው» አለ።

ከአጥሩ ወዲያ የታጨደ ሣር አለ። የኔ ድርቆሽ። ሱቄ ውስጥ ተደርድሮ ያለው፣ ሽማግሌው መዳፋቸው ላይ አሽተው ያሸተቱት ከዚያ ነው የመጣው። እዚያ ቆሜ ምን እንደምለው አላወቅሁም። ልቆጣው አልቻልኩም፤ ትርፉን ተካፍያለሁ። እንዲህ ብቻ አልኩት፦ «አጥሩን ወደኋላ ብትመልሰው ምን ይጎዳሃል?»

«እኔ ብመልስ ጎረቤቴ ይመልሳል?» አለ። «እኔ የተውኩትን እሱ ያጥረዋል። ለብቻዬ ነው የምጎዳው።»

ልክ ነው። ለብቻው ቢተው ይጎዳል። ስለዚህ ነው ይህ ነገር በአንድ ሰው ደግነት የማይፈታው። መንገዱ ተለክቶ፣ ድንጋይ ተተክሎለት፣ በስሙ መመዝገብ አለበት፤ እንደ ማሳው ሁሉ እሱም ደብተር ይኑረው። ሲመዘገብ ደግሞ ያርሶ አደሩም የአርብቶ አደሩም ሽማግሌዎች አብረው ይርገጡት። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ፕሮጀክት አይደለም፤ ገመድና የሁለት ቀን ስብሰባ ነው። ከብቱ ካለቀ በኋላ ስንዴ ከመጫን ይቀላል። ቦረና ላይ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳ ምን እንደሆነ ሁላችንም በቴሌቪዥን አየን፤ ከብቱ ክምር ሆኖ ሜዳ ላይ። እርዳታው የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ድርቆሽም እንደዚያው ነው፤ በጥር የደረሰ ድርቆሽ ላም ያድናል፣ በግንቦት የደረሰ ለቆዳዋም አይሆን። እኔ በየዓመቱ አየዋለሁ፤ ሰዉ እኔ ጋ የሚመጣው ላሟ መነሳት ሲያቅታት ነው።

የጥሻውን መንገድ አውቀው የሚዞሩ ሰዎች እንዲዞሩ መተው እንጂ ባንድ ቦታ ሰብስቦ ማስፈር መልስ አይመስለኝም። ዝናቡ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ዘንድሮ እዚህ ይጥላል፣ ለከርሞ እዚያ። ሰው ዝናቡን ተከትሎ መሄድ ሲከለከል ሣሩም ዕረፍት ያጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚጋጥ ሣር ሥሩ ይሳሳል፣ ይሞታል፤ መሬቱ ይራቆታል። ከዚያ «ከብት አብዝተው መሬቱን አጠፉት» ይባላሉ።

የቦርከና ነገርም አለ። ስመለስ ድልድዩ ጋ ወርጄ ቆሜ አየሁት። ከደሴም ከኛም የሚወጣው ቆሻሻ ሁሉ እዚያ ነው የሚገባው፤ የቤቱም የፋብሪካውም ፍሳሽ። ውሃው ቀለሙ ልክ አልነበረም፤ ሽታ አለው። ያ ውሃ ነው ጨፋ ሄዶ የሚተኛው። ያንን ነው ከብቱ የሚጠጣው፣ ያንን ነው አጎቴ ሽንኩርቱን የሚያጠጣው፣ ቄጠማውም የሚበቅለው በሱ ነው። ከተማችን ለአርብቶ አደሩ ምን ታድርግ ከተባለ እኔ መጀመሪያ የምለው ይሄንን ነው፤ ወንዙን እናጽዳ። ፋብሪካ ያለው ፍሳሹን አጣርቶ ይልቀቅ፣ ቁጥጥሩም በስም ብቻ አይሁን። እኛም ቆሻሻችንን ድልድይ ላይ ቆመን አንወርውር። ሌላ አገር ሄዶ መርዳት አያስፈልግም፤ ከደጃችን የሚሄደው ውሃ እነሱ ጋ ይደርሳል።

አጎቴ ከቀበሌው ጋር እንዲነጋገር ለምኜዋለሁ፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ባንድ ላይ ከሆነ አጥሩን እመልሳለሁ ብሎኛል። እስካሁን አልተሰበሰቡም። እኔም ከዚያ አጥር ውስጥ የታጨደ ድርቆሽ አልቀበልም ብዬዋለሁ። ትንሽ ተቀያይመናል።

ማታ ለሽማግሌው ደወልኩ። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ሦስቴ ሞከርኩ። ሲያነሱ ከጀርባቸው ፍየል ይጮሃል።

«አባ፣ ሄጄ አየሁት።»

«አላህ ይስጥሽ። ንገሪኝ።»

እንዳየሁት ነገርኳቸው፤ ምንም አልጨመርኩ፣ ምንም አልቀነስኩ። ሰፊው ላይ አሥራ አራት እርምጃ፣ ከዚያ አሥር፣ ረግረጉ አፍ ላይ ስድስት። ሽንኩርቱ ገና አልተነቀለም። ሞተር አለ፣ ከብት ይደነግጣል። አጥሩ የአጎቴ ነው።

ለአፍታ ዝም አሉ።

«ስድስት ለፍየል ይበቃል» አሉ። «ላሞቹ አይችሉትም፣ ሰብል ይገባሉ። እነሱን ሌላ ቦታ እንወስዳቸዋለን።» ከዚያ ድምፃቸው ቀለል አለ። «ሚሌ በላይ ትናንት ደመና ነበረ ይላሉ። ዘንቦ እንደሁ ሰምተሻል?»

አልሰማሁም። ጠይቄ እነግርዎታለሁ አልኳቸው።

በማግስቱ ከሰዓት አይሱዙው ከታች ሲመጣ፣ ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ሮጬ በመስኮቱ ጠየቅሁት።